ሞገስ እና የቻይና መጻሕፍቱ

ሞገስና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ቤት ውስጥ አብረን የሠራነው ነገር ፀጉር መቁረጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የኩሽናውን ወንበር በረንዳ ላይ አወጣሁለት፣ አሮጌ አንሶላ አንገቱ ላይ አሰርኩለት፣ መቁረጫውን ሰካሁ። ባለቤቴ ፀጉር ቤት መሄድ አይወድም ነበር። እዚያ መነጽሩን ያወልቁታል፣ መነጽሩ ከወለቀ ደግሞ ማንበብ አይችልም። እኔ አላወልቅበትም። ጆሮው አካባቢ ስደርስ የመነጽሩን እግር በአንድ ጣቱ ከፍ ያደርግልኛል፣ እኔ ከሥሩ እቆርጣለሁ፣ እሱ ማንበቡን አያቋርጥም።

የሚያነበው ለእኔ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ዓይኑ በእንግሊዝኛው ላይ ይሄዳል፣ ከአፉ የሚወጣው አማርኛ ነው። የዚያን ቀኑ መጽሐፍ ከገጠር ወጥተው ደቡብ ቻይና ፋብሪካ ስለገቡ ልጃገረዶች ነበር። አንዷ ለእናቷ ስልክ ልትገዛ ሱቅ ገብታለች፣ ሻጩ በአነጋገሯ ይስቅባታል። እዚያ ላይ አንገቱን በእጄ ወደ ታች ተጭኜ “ቀና አትበል” አልኩት።

“ስንዱ፣ ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ቆማ ቀረች እኮ” አለኝ።

“ትቁም። እንዲህ አንድ ጎንህ ተቆርጦ አንድ ጎንህ ቀርቶ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይዤህ አልሄድም።”

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን ጋደም አለ። ልብ ነው አሉኝ። ፀጉሩ ያረፈበትን አንሶላ ገና አላጠብኩትም ነበር።

ስለ እሱ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ። ትንሽ እጽፍና እተወዋለሁ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሲያነሱት “ያ የቻይና ነገር የሚወደው ሰውዬ” እያሉ ፈገግ ይሉ ነበር፣ እኔም አብሬያቸው ፈገግ እል ነበር። ግን እንዲህ ብቻ ተብሎ እንዲቀር አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ጋይንት ነው። ሞገስ ከኮሌጅ እንደወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ እዚያ ተመደበ። በዚያን ጊዜ ቻይናዎች ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይሠሩ ነበር፣ ካምፓቸውም ከትምህርት ቤቱ በታች ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ይለብሳሉ። ከአገሬው አይቀላቀሉም። ጠዋት በካምፑ በኩል ሲያልፍ እጃቸውን ያነሱለታል፣ እሱም ያነሳል፣ በቃ። አንድ ቀን አንደኛው ወንዝ ዳር ለብቻው ሸሚዙን እያጠበ ሲያንጎራጉር ደረሰበት። ሰውየው ሞገስን ሲያይ ዝም አለ።

“ያ ሰው ምን እያሰበ ነበር?” ይለኝ ነበር፣ ስንትና ስንት ዓመት አልፎ፣ አትላንታ ውስጥ እራት እየበላን። “አጠገቤ ኖረው ሄዱ። ስለ እነሱ አንዲት ነገር ሳላውቅ።”

ዲቪ ደርሶን እዚህ ስንመጣ ሞገስ የአየር ማረፊያ ፓርኪንግ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉ መንገደኞችን ወደ ተርሚናሉ ያደርሳል፣ የመጡትን ይመልሳል። ዲኬተር ያለው ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍቱን አውጥቶ በርካሽ የሚሸጥበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ ከዚያ ከረጢት ሙሉ ተሸክሞ መጣ። ሁሉም ስለ ቻይና ነበሩ። ስለ ገበሬዎቻቸው፣ ስለ ፓርቲያቸው፣ ግድብ ሲሠራ ከመንደራቸው ስለተነሡ ሰዎች፣ አንድ ልጅ ብቻ ስላሳደጉ ቤተሰቦች፣ የቤጂንግ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ፎቅ ስለ መሠራቱ። “የጥንቱ አያስፈልገኝም” ይል ነበር። “ንጉሠ ነገሥታቱን ሌላ ሰው ያንብብላቸው። እኔ የምፈልገው በእኔ ዕድሜ ያለውን ሰው ነው።” ከዚያ ወዲህ ሽያጩ በተደረገ ቁጥር ይሄዳል። የሚሸጡት ሴቶች አውቀውት የቻይናዎቹን ለብቻ ያስቀምጡለት ነበር።

አነባበቡ የራሱ ነበር። መግቢያውን ይዘላል። ፖለቲካው ሲበዛ “ፖለቲካው ምዕራፍ ሁለት ላይ ያልቃል፣ ሰዉ ግን እስከ መጨረሻው አለ” እያለ ገጹን ቶሎ ቶሎ ይገልጣል። ለእኔ ሲያነብልኝ ደግሞ የሰዎቹን ስም ይለውጠዋል። የቻይናው ስም አልያዝ ይለኛል ብዬ ስለማማርር ልጅቷን የሺ ይላታል፣ ወንድሟን አያሌው፣ የመንደሩን ካድሬ ጓድ ዘለቀ። የሰፈሩ ኮሚቴ ቀበሌ ነው፣ የጋራ እርሻው የገበሬ ማኅበር። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ጓድ ዘለቀ ስብሰባ ጠርቶ፣ አያሌው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሲናገር እሰማለሁ። አንዳንዴ ታሪኩ ግማሽ ሲደርስ ሩዝ የሚል ቃል ስሰማ ነው ይሄ ቻይና ነው ለካ የምለው።

አውቶቡሱ ላይ ቻይና የመሰለው መንገደኛ ከተሳፈረ ሞገስ ዝም ብሎ አይነዳም። ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደሆነ ይጠይቃል። ቤት ሲገባ “ዛሬ አንድ የሲቹዋን ሰው ጫንኩ” ይለኛል፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። አንድ ቀን ትንሽ ከፍቶት ገባ።

“ምነው?” አልኩት።

“አንዱን ስለ ክፍለ ሀገሩ ጠየቅሁት። ኮሪያዊ ነኝ አለኝ።”

“እና?”

“ሻንጣውን እስከ በሩ ተሸከምኩለት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።”

ልጃችን ሕይወት እዚህ ያደገች ናት። ደንዉዲ ሰፈር አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ “ዳዲ፣ ማሚ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ” አለች። “አንድ ልጅ አለ። ዴቪድ ይባላል። ላይክ፣ ሲሪየስ ነው። ደግሞ ዳዲ፣ ፕሊስ ተረጋጋ። ፓረንቶቹ ከቻይና ናቸው።”

ሞገስ ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ የፈራችው ጥያቄ መጣ።

“ከየትኛው ክፍለ ሀገር?”

“ከስኔልቪል” አለች ሕይወት። እዚሁ አትላንታ ዳር ያለች ከተማ ናት።

ዴቪድ ጭምት ልጅ ነው። አባቱ ሚስተር ሼን የማቀዝቀዣና ማሞቂያ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቧል፣ እናቱ ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ተቀባይ ናት። ሠርጉ ከመድረሱ በፊት ወላጆቹን እራት ጠራናቸው። ያን ሳምንት ሞገስ ሌላ ሰው ሆነ። መኝታ ቤት የነበረውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳሎን ድረስ ጎትቶ አመጣው፣ ሰውየው ሲቀመጥ ፊት ለፊት እንዲያየው። “አገሩን እንዳላናናቅነው ይወቅ” አለኝ። እኔ ዶሮና አልጫ ሠራሁ።

ሚስተር ሼን ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነው። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሚስቱ ብርቱካንና የሻይ ቅጠል በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ምግቡ እስኪቀርብ ደህና ነበርን። ከዚያ ሞገስ ጀመረ። መጀመሪያ መምህር ነበርኩ አላቸው። ቀጥሎ የሚስተር ሼንን ዕድሜ ጠየቀ፣ በልቡ ደመረና “እንግዲያው በባህል አብዮቱ ጊዜ ተማሪ ነበሩ” አለው በእንግሊዝኛ። ወደ ገጠር ተልከው ነበር? ትምህርት ቤታችሁ ተዘግቶ ነበር? ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አወጣ፣ ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገለጠ። “ተማሪዎቹ መምህራኖቻቸውን ወንበር ላይ አቁመው ይከስሱ ነበር ይላል። ይሄን በዓይንዎ አይተዋል?”

ሚስተር ሼን መጽሐፉን አየ፣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ምግቡ በጣም ጥሩ ነው” አለኝ። ብርቱካኑን ሳልልጠው ተነሡና ሄዱ።

ሕይወት በሩን ዘግታ ተመለሰች። “ዳዲ፣ ሰውዬው እራት ሊበላ ነው እኮ የመጣው። ኢንተርቪው አደረግኸው።”

“ስለ አገሩ የማውቅ መሆኔን እንዲያይልኝ ብዬ ነው።”

“እሱ ሰው ነው። ቻፕተር አይደለም።”

ሞገስ መጽሐፉን አሁንም በእጁ ይዞት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ዴቪድ የአባቱን ቃል አመጣ። ተጋቡ፣ አልከለክልም፣ ግን ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም ብሏል። ሕይወት ደግሞ የባሏ አባት ያልተቀመጠበት ሠርግ አልፈልግም አለች። ተከራይተው የነበረውን አዳራሽ ልትሰርዝ ስልክ አንሥታ ሳለ ነው ሞገስ ያስቆማት።

“ሽማግሌ እልካለሁ” አለ።

“ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው” አልኩት።

“ያ ለጋብቻ ነው። ይሄ የይቅርታ ነው። በዳይ ይልካል፣ በዳዩ እኔ ነኝ።”

“ኦ ማይ ጋድ” አለች ሕይወት። “ዳዲ፣ ቴክስት አድርግለት በቃ። ሶሪ በለው።”

“አባትሽን የሚያህል ሰው አስቀይሜ በቴክስት?”

ሦስት ሰዎች ለመነ። ቄስ ምናሴን፣ ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይድን፣ አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔልን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውንና ካፖርታቸውን አድርገው በሐጂ መኪና ስኔልቪል ሄዱ። እኛ በኛ መኪና ተከተልናቸው። በዳይ እስኪጠራ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፣ ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ ከሼኖች ቤት ሦስት ቤት አልፈን ፓርክ አደረግን። ሞገስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራቫት አስሯል። መጽሐፍ አልያዘም ነበር። አንድ ሰው ሣር እያጨደ በእኛ አጠገብ ሲያልፍ ቀስ ብሎ አየን።

ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ከሐጂ ነው፣ ሲተርኩት አሁንም ይስቃሉ። “ገባን። ሴትዮዋ ‘ተቀመጡ’ አለችን። እኛ ‘ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም’ አልን። ሻይ ቀድታ መጣች። ‘ምላሹን ሳንሰማ አንቀምስም’ አልን። ወንበር ከኩሽና ታመጣለች፣ እኛ ከወንበሩ እንሸሻለን። ሻዩን ለቄሱ ስትሰጥ ቄሱ እጃቸውን ወደ ኋላ። የሴትዮዋ ፊት ሲቀላ አየሁ። ለካ እነሱ ጋ ሻይ እንቢ ማለት ሰውዬውን መስደብ ነው። ባልሽ ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲያነብ ይቺን አንድ ነገር አላገኛትም?”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሰውዬው እኛን ቆመን ሲያየን እሱም ከሶፋው ተነሥቶ ቆመ። እኛ ካልተቀመጥን አይቀመጥም። አራታችን እንደ መብራት እንጨት። የቄሱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ልጁ ዴቪድ በዚህ ይሮጣል በዚያ ይሮጣል። በመጨረሻ ሰውዬው ‘የላካችሁ ሰው የት አለ?’ አለ። በመስኮት አሳየነው።”

እኛ ያየነው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በሩ ተከፈተ። ሚስተር ሼን በቤት ጫማው ሣሩን አቋርጦ መጣ። ሞገስ ለመውረድ እጁን ወደ በሩ ሲሰድ ሰውየው የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ከኋላችን ተቀመጠ። ሁለቱ ፊት ለፊት አልተያዩም። ሞገስ የፊት መስታወቱን ያያል፣ ሚስተር ሼን የሞገስን ማጅራት።

“ሦስት ሽማግሌ ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል” አለ። “ምን ባደርግ ነው የሚቀመጡት?”

“ይቅር ካሉኝ ይቀመጣሉ” አለ ሞገስ።

ሣር አጫጁ ዞሮ ተመለሰ፣ አለፈ።

“መምህር ነበርኩ ብለውኛል” አለ ሚስተር ሼን።

“ነበርኩ።”

“እናንተም አገር አብዮት ነበር። ልጄ ነግሮኛል።”

“ነበር።”

“እርስዎን ምን አደረጉዎት?”

እኔ ከሞገስ ጋር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ጋይንትን ሺህ ጊዜ ነግሮኛል፣ ብርዱን፣ መንገዱን፣ ቻይናዎቹን። በዚያ መኪና ውስጥ የነገረውን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፣ አለ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተማሪውና መምህሩ ይሰበሰባል፣ ተራ የደረሰው ቆሞ ይከሰሳል፣ ከዚያ ራሱን ይከስሳል። እሱን ወንበር ላይ አቆሙት። የከሰሰው አጥብቆ የሚወደው ተማሪው ነበር፣ ካርታ ሲስል እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ። መምህሩ የአውሮፓን ወንዞች አብዝቶ ያስተምራል፣ የጭቁኑን ገበሬ ወንዝ ይንቃል፣ የእጅ ሰዓት ያደርጋል፣ ንዑስ ከበርቴ ነው አለ። የተሰበሰበው ተማሪ አጨበጨበ። ሞገስ ሁሉንም አመነ። የራይንን ወንዝ ያስተማርኩት ሆን ብዬ ነው አለ። ሰዓቱን አውልቆ ሰጠ። ከሜዳው በታች፣ ከካምፑ አጥር አጠገብ፣ ቻይናዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩት ነበር።

“በማግሥቱስ?” አለ ሚስተር ሼን።

“በማግሥቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ገባሁ። ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተቀመጡ አልኳቸው።”

“ተቀመጡ?”

“ተቀመጡ። የአባይን ገባሮች አስተማርኩ።”

“ልጁን አዩት?”

“አላየሁትም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላየሁትም። አሁን ላየው ያምረኛል።”

ሚስተር ሼን ከዚያ ሲናገር እንግሊዝኛው ከበፊቱ ይልቅ ይሰባበር ነበር። የእሱም መምህር ወንበር ላይ ቆመው ነበር፣ አለ። ወንበሩ የትምህርት ቤት አልነበረም። ከቤቱ ያመጣው እሱ ራሱ ሼን ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። መምህሩ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ትምህርት ቤቱን እንዲጠርጉ ተደረገ፣ እሱ ደግሞ በጠረጉት ደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር።

“እርስዎ መጽሐፉን ገልጠው ‘ይሄን አይተዋል?’ ሲሉኝ” አለ፣ “መምህር ነዎት። ለመምህር ምን ልበል?”

ሞገስ ያኔ ዞረ። የመቀመጫ ቀበቶውን ሳይፈታ፣ በግድ ተጠማዝዞ አየው።

“ልጅ ነበርክ” አለው።

“ይሄን ለሌላ ሰው ማለት ቀላል ነው” አለ ሚስተር ሼን። “ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። ይግቡ፣ ሰዎቹ ይቀመጡ።”

ገባን። ሞገስ ደፍ ላይ ጎንበስ ሲል ሚስተር ሼን በትከሻው ያዘው። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ቄስ ምናሴ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ሌላ ለመኑ፣ ሚስስ ሼን ስትቀዳላቸው ፊቷ ተፈታ።

ሠርጉ ሆነ። ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሚስተር ሼን ሞገስን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ላኦሺ ይለዋል፣ መምህር ማለት ነው። ሞገስ በበኩሉ መደርደሪያውን ወደ መኝታ ቤት መለሰው። ማንበቡን አልተወም፣ መጠየቁን ግን ተወ። ሚስተር ሼን ሲመጣ ስለ ቲማቲም፣ ስለ መኪና ባትሪ፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ። አንዳንዴ ሰውየው ራሱ በመሐል አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ በገጠር ስለበሉት ድንች ወይም ስለ አንድ ባቡር፣ ሞገስ ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ ስላየው ነገር ይመልስለታል። አንዳቸው ሌላውን “ከዚያስ?” ሲሉ አልሰማሁም።

ለእኔ ሲያነብልኝም ከዚያ ወዲህ የሰዎቹን ስም አልለወጠም። የሺ፣ አያሌው፣ ጓድ ዘለቀ ጠፉ። ቻይናዎቹን በስማቸው ጠራቸው። እኔ ስሞቹን ለመያዝ ተቸገርኩ፣ እሱ እየደጋገመ ነገረኝ።

ባለፈው ዓመት የበጋ ወራት ሚስተር ሼን ቲማቲም ይዞ መጣና ከተለመደው በላይ ቆየ። ያ ወንበር ላይ የቆሙት መምህሩ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ አለ፣ ሚስታቸው ግን በሕይወት አሉ፣ በዚያው ከተማ፣ በጣም አርጅተዋል። እሱ አገሩ ሲሄድ ሁልጊዜ በዚያች ከተማ በባቡር ያልፋል እንጂ ወርዶ አያውቅም። “ላኦሺ” አለ፣ “እናንተ ያን ቀን ያደረጋችሁትን አልረሳሁም። ሰው ልካችኋል። የተበደለው እሺ እስኪል ቆማችኋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለእኔ አንተ ትቆምልኛለህ?”

ሞገስ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ሕይወት የተወለደች ቀን ነው። ቻይናን ሊያይ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ስለ አገሩ አንዲት ነገር አላነሣም። ምን ልበስ፣ እጅ መንሣት አለብኝ ወይ፣ ሴትዮዋ ሻይ ቢሰጡኝስ፣ ልቀበል ወይስ ልቁም? ይሄን ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ። የሽማግሌ ሥራ ነው፣ አልኩት፣ እንደ ሁኔታው ታያለህ። ፓስፖርቱን አሳደሰ። ለጸደይ ቀጠሩ። መስከረም ላይ ሞተ።

ሚስተር ሼን ለቅሶው ላይ በየቀኑ መጣ። ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ሲነሣ ይነሣል፣ ሰው ሲቀመጥ ይቀመጣል። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ከእኔና ከሐጂ ጋር ቀረ። “እንግዲህ አልሄድም” አለኝ። “ብቻዬን አልችልም።”

“እኔ እሄዳለሁ” አልኩት።

ይህን ከማለቴ በፊት አላሰብኩበትም ነበር። ለሐጂ በአማርኛ ነገርኳቸው።

“ስንዱ” አሉኝ ሐጂ፣ “ሴት ሽማግሌ የት ታይቶ ያውቃል?”

“ቻይና ይታያል” አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው ሻዩን እንዳትቀበይ” አሉ። ወዲያው ደግሞ “አይ፣ ተቀበይ። አሮጊት ናቸው፣ አታሳዝኛቸው” አሉ።

ሕይወት መጀመሪያ ተቆጣች። “ማሚ፣ አንቺ ሴትዮዋን አታውቂያቸውም። ቻይንኛ አትችዪም። ምን ልትያቸው ነው?” አለች። ሚስተር ሼን ይናገራል፣ እኔ እቆማለሁ አልኳት። ባለቤቴ መምህር ነበር፣ እሱንም አቁመውት ነበር፣ በማግሥቱ ክፍል ገብቶ ተቀመጡ አላቸው፤ ይሄን ብቻ እንዲተረጉምልኝ ጠይቄዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ሕይወት ይሄን ስትሰማ አለቀሰች። አባቷ ይህን ነግሯት አያውቅም ነበር። እኔ ነገርኳት፣ ካርታ የሚስለው ልጅ ሳይቀር።

ቪዛዬ ወጥቷል። የምንሄደው ሚያዝያ ላይ ነው። የሴትዮዋ ቤት አሳንሰር የሌለው ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ እሳቸውም ቶሎ መልስ የሚሰጡ ሰው አይመስሉኝም ብሎኛል ሚስተር ሼን። አሁን በየጠዋቱ የአፓርታማችንን ግቢ እዞራለሁ፣ ከዚያም ጉልበቴ እስኪለምድ ድረስ ሳልደገፍ እቆማለሁ።